ባለ 5 ዶላር ኮሊንግ ካርድ ከፔይፎን ሲደወልበት፦ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ልብስ ላጥብ ገብቼ ማድረቂያዎቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ ፔይፎን፣ ያ ሳንቲም እየገባ የሚደወልበትን የህዝብ ስልክ፣ አየሁ። የሞተ መስሎኝ ነበር፣ እጀታውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግን ይሰራል፣ ያ የድሮው ረጅም ድምፅ አለው። እዚ አገር ቆየት ያለ ሰው ስሜቱ ይገባዋል። ልብሱ እስኪደርቅ 40 ደቂቃ ነበረኝ፣ ሁለት በር አለፍ ብሎ የሐበሻ ሱቅ አለ፣ ሄጄ ባለ 5 ዶላር ኢትዮጵያ የሚያስደውል ኮሊንግ ካርድ (ሂሳቡ ቀድሞ የሚከፈልበት የስልክ ካርድ) ገዛሁና ተመልሼ እዛው ፔይፎን ላይ ሞከርኩት። ይሄ ሪቪው የዛ ሙከራ ነው፣ ግን የዛ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም እኔ ይሄን ነገር ከካርድ ሻጩም ከስልኩ ባለቤትም ጎን ቆሜ ለአመታት ሳየው ኖሬያለሁ፣ የማውቀውን ሳልፅፍ ባልፍ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ካርዱ። ሱቁ መስኮት ላይ የተለጠፈው ፖስተር 30 ደቂቃ ይላል። ጀርባውን ፋቅ አድርጌ ፒኑን አወጣሁና በመጀመሪያ በራሴ ሞባይል ካርዱ ላይ ባለው የሎካል (የአካባቢ) መግቢያ ቁጥር ገባሁ፣ የአክስቴን የአዲስ አበባ ቁጥር መታሁ፣ ማሽኗ 27 ደቂቃ አለዎት አለችኝ፣ ሳይጠራ ዘጋሁት። ከዛ ፔይፎኑን አነሳሁና ምንም ሳንቲም ሳላስገባ በ800 ቁጥሩ፣ ማለት ለደዋዩ ነፃ በሆነው መግቢያ፣ ደወልኩ፣ ያው ፒን ያው የአክስቴ ቁጥር፣ አሁን 20 ደቂቃ አለዎት አለችኝ። 7 ደቂቃ ቀለጠ። ካርዱን ገልብጬ ብርሃን ስር ወስጄ ሳየው በጣም ደቃቅ ፊደል ተፅፏል፣ ከፔይፎን ለሚደወል ጥሪ 99 ሳንቲም ይቆረጣል ይላል፣ በ800 ቁጥር ሲገባ ደሞ ደቂቃው ይወደዳል። እሺ፣ ተፅፏል፣ አልዋሹም ልበል፣ ግን ያንን ፅሁፍ የኔ እናት ብታነበው ትችላለች? መነፅር አድርጌም ተቸግሬያለሁ።

ድምፁ ደህና ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰከንድ የምታህል መዘግየት ነበረች፣ ሁለታችንም "ሄሎ" "ሄሎ" ስንባባል ተጋጨን፣ ከዛ ተስተካከለ። አክስቴ "አንተ! ደህና ነህ ወይ? በዋትሳፕ አልነበር የምትደውለው፣ ምን ሆነህ ነው?" ብላ ደነገጠች፣ አረጋጋኋት። ደቂቃውን በሰዓቴ ያዝኩት፣ 20 የተባለው 17 ላይ ተቆረጠ፣ ደህና ዋይ ሳልላት። ለድምፅ 4 ኮከብ፣ ለደቂቃ ታማኝነት 1።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ያ 99 ሳንቲም።

ይሄን የምፅፈው ለምንድነው ብትሉ በፈረንጅ ከ2003 ጀምሮ ለ6 አመት ቨርጂኒያ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ካውንተር ላይ ሰርቻለሁ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ሽሮ፣ እና ካሸሩ ጎን በፕላስቲክ ተደርድረው የተሰቀሉ የስልክ ካርዶች። ከበሩ ውጪ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ፔይፎን ነበረች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይሰለፍባት ነበር፣ አዲስ የመጣ ሰው፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሰራ፣ ቤት ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ሴት። ሞባይል ያለውም ቢሆን በዛን ጊዜ ቀን ቀን ደቂቃ ስለሚያልቅበት ካርዱን ፔይፎን ላይ ነው የሚጠቀመው። ካርድ ከኛ ይገዛል፣ በኛ ሳንቲም ይፍቃል፣ ወጥቶ ይደውላል። አንዳንዱ አልቅሶ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ስቆ፣ ሁሉንም አይቻለሁ።

ስልኳ የቴሌኮም ካምፓኒ አልነበረችም። የግል ነበረች፣ ባለቤቷ ሀበሻ ሰውዬ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እንደዚ አይነት 11 ስልክ በየላውንደሪውና በየነዳጅ ማደያው ተክለው ነበር የሚተዳደሩት። ያኔ አሜሪካ ውስጥ እንደሳቸው ትንንሽ ኦፕሬተር ብዙ ነበር። በወር ሁለቴ በቫናቸው ይመጣሉ፣ ሳጥኗን በቁልፍ ይከፍታሉ፣ ሳንቲሙን በጨርቅ ከረጢት ያወጣሉ፣ እጀታውን በአልኮል ይወለውላሉ፣ ገመዱን ያያሉ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። ከዛ ገብተው ቡና ይጠጣሉ። ፔይፎን ማስቀመጥ ነፃ አይደለም፣ በየወሩ የመስመር ኪራይ አለ፣ ጥገና አለ፣ ሱቁም ኮሚሽን ይፈልጋል፣ ሰክሮ እጀታ የሚበጥስም አለ። እና የሚገርመው የሱቃችን በር ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ተሰልፎባት ሳጥኗ ውስጥ ሳንቲም የለም። ለምን? ሰው ሁሉ በ800 ነዋ የሚደውለው። 800 ሳንቲም አይጠይቅም።

እዚ ጋ ህጉን ማወቅ ያስፈልጋል። 1990 ላይ የወጣ ህግ ፔይፎን ያለው ሰው ደንበኛ የፈለገውን የረጅም ርቀት ካምፓኒ በ800ም ሆነ በሌላ መግቢያ ኮድ እንዳይደርስ መዝጋት አትችልም ይላል። ጥሩ ህግ ነው፣ ሰውን ከመዘረፍ ያድናል። ግን የስልኩ ባለቤት በግድ በነፃ አስደውል ተባለ ማለት ነው። ስለዚህ በ1996ቱ የቴሌኮም ህግ ክፍል 276 ውስጥ ከፔይፎን ተነስቶ ለተጠናቀቀ ለእያንዳንዱ ጥሪ ኦፕሬተሩ ተገቢውን ክፍያ እንዲያገኝ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ደንብ ያውጣ ተባለ፣ ድንገተኛ ጥሪ ሲቀር። ኤፍሲሲ መጀመሪያ 35 ሳንቲም አለ፣ 1997 ላይ 28.4 አደረገው፣ 1999 ላይ 24፣ ከዛ 2004 ላይ ወደ 49.4 ሳንቲም ከፍ አደረገው። ለምን ከፍ አለ ያልን እንደሆነ ስሌቱ የአንድ ስልክ ወጪ ለጥሪ ብዛት ሲካፈል ነው፣ ሰው ሞባይል ሲይዝ ጥሪው ቀነሰ፣ ወጪው ግን ያው ስለሆነ የቀረው እያንዳንዱ ጥሪ የሚሸከመው ጨመረ። ይሄን ብር የሚከፍለው ደዋዩ አይደለም፣ ጥሪውን ያጠናቀቀው ካምፓኒ ነው፣ በየ3 ወሩ ሂሳብ ሰርቶ። ካምፓኒው ደሞ ከካርዱ ላይ ይቆርጠዋል፣ ያ ነው ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው የፔይፎን ቆራጭ።

ስለዚህ 99 ሳንቲም ከኔ ሲቆረጥ ቢያንስ 49.4ቱ ለስልኩ ባለቤት ሊደርስ ነው የተቆረጠው። ቀሪው የነሱ ይሁን፣ ግድ የለም። ይደርሳል ወይ ነው ጥያቄው።

ጋሼ በ2005 መጀመሪያ አንድ ቀን የ3 ወሩን ወረቀት ይዘው መጥተው ካውንተሩ ላይ ዘረጉት። ባለ ብዙ ገፅ ዝርዝር ነው፣ የ800 ቁጥሩ፣ የጥሪ ብዛት፣ የተከፈለ ብር። ስማርት ፔይፎን ስለነበረች የራሷ መዝገብም አላት፣ ማታ ማታ በሞደም ይጠሩና የተደወለውን ሁሉ ያወርዳሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። በስልኳ መዝገብ በጣም የተደወለበት አንድ የ800 ቁጥር አለ፣ እኛ በብዛት የምንሸጠው ካርድ ቁጥር። የክፍያው ወረቀት ላይ ያ ቁጥር ጭራሽ የለም። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ካርድ እዚ ይሸጣል አይደል?" አሉኝ። "በጣም እንጂ ጋሼ፣ እሁድ ብቻ 30 ይወጣል" አልኳቸው። ዝም ብለው በጣታቸው ባዶ ቦታውን ሲነኩት ትዝ ይለኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስልኳ ተደወለ ብላ ትመዘግባለች እንጂ አዲስ አበባ ያለው ሰው ማንሳቱን አታውቅም። ክፍያው የሚገባው ለተጠናቀቀ ጥሪ ብቻ ነው፣ መጠናቀቁን የሚያውቀው ደሞ ጥሪውን ያዞረው ካምፓኒ ስዊች (የጥሪ ማዞሪያ ማሽን) ብቻ ነው። ማለት አበዳሪው ስንት እንዳበደረ የሚነግረው ተበዳሪው ነው። ስለዚህ ለመፈተን ወሰንን። 4 አይነት ካርድ ገዛን፣ በያንዳንዱ 5 ጥሪ፣ በጠቅላላ 20፣ የምናውቀው ሰው ጋ ብቻ፣ ሁሉም የተነሱ። እኔ በሱቁ የዱቤ ደብተር የመጨረሻ ገፅ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ካርድ፣ ማን አነሳ፣ ስንት ደቂቃ እያልኩ ፃፍኩ። አንዱ ጥሪ ላይ እናቴን ነበር ያገኘኋት፣ "ይሄ የማን የአገር ቤት ቁጥር ነው? ከአሜሪካ ነው ምትደውለው ወይስ መጥተሃል?" አለችኝ። የሷ ስልክ ላይ የወጣው የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ነበር። ያኔ ነው ነገሩ በኢንተርኔት እየሄደ እንደሆነ የገባኝ። ጥሪው ከኛ ግድግዳ በተራ የስልክ መስመር ይነሳል፣ መሀል ላይ የሆነ ሰው ወደ ኢንተርኔት ይቀይረዋል፣ አገር ቤት ሲደርስ በሲም ካርድ ወደ ተራ ስልክ ይመልሰዋል፣ ለቴሌ የአለም አቀፍ ሂሳብ ሳይከፈል። ኢትዮጵያ ውስጥ በፈረንጅ 2002 የወጣው የቴሌ አዋጅ በኢንተርኔት የድምፅ አገልግሎት መስጠትም መጠቀምም ከልክሎ ነበር፣ ስለዚህ በዛኛው ጫፍ ያለው ሰው መደበቅ ነበረበት። በዚኛው ጫፍም የሚደበቅ ሰው እንዳለ ግን አላሰብኩም ነበር።

ወረቀቱ ሲመጣ ከ20ው ጥሪ የታየው 5 ብቻ ነው፣ የአንዱ ካርድ ብቻ። የቀሩት 15 የሉም። 15 ጥሪ በ49.4 ሳንቲም 7 ዶላር ከ41 ነው። 7 ዶላር ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ግን ያ የሁለት ማታ ሙከራ ነው፣ በአንዲት ስልክ ላይ፣ ጋሼ 11 ስልክ አላቸው፣ አመት 12 ወር ነው። ደሞ ሌላውን ስሙ። ከነዛው 15 ጥሪዎች ካርዶቹ ከኛ የፔይፎን ብለው ቆርጠዋል፣ ሁለቱ በየጥሪው 99፣ አንዱ በየጥሪው 79 ሳንቲም፣ በጠቅላላ 13 ዶላር ከ85። ከደዋይ ተቆርጧል፣ ለስልኩ ባለቤት አልደረሰም። ጋሼ ያን ቀን ያሉት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ "ሲቆርጥ ፔይፎን መሆኗን ያወቀ ሰው ሲከፍል አላወቅኩም ሊለኝ አይችልም"።

እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም ስዊቹ የሚያውቀው በግምት አይደለም። ከፔይፎን ሲደወል ከቁጥሩ ጋር ሁለት ዲጂት ኮድ አብሮ ይሄዳል፣ እንደሳቸው አይነት ስማርት ስልክ ከሆነች 70፣ የድሮዋ በስልክ ካምፓኒው ማዕከል የምትታዘዘዋ ከሆነች 27። ማሽኗ ላውንደሪው ውስጥ 20 ደቂቃ ያለችኝም በዚው ኮድ ነው። ኮዱ ከጥሪው ጋር እንዲላክ የተደረገው ለዚህ ክፍያ ነው፣ ለመቁረጥ ሲሰራ ለመክፈል የማይሰራበት ምንም ቴክኒካል ምክንያት የለም።

ከዛ መጠየቅ ጀመሩ፣ እኔ እንግሊዝኛውን በደብዳቤ አግዛቸው ነበር። የ800 ቁጥሩ ባለቤት የሆነው ትልቁ ካምፓኒ፣ ስሙን ተውት፣ እኛ ተቀብለን ለሌላ አስተላልፈናል፣ እሱን ጠይቁ አለ። ሌላው አዎ ስዊች አለኝ፣ ግን ጥሪውን ወደ ኢንተርኔት ነው የምቀይረው፣ እኔ የረጅም ርቀት ካምፓኒ ሳልሆን የኢንፎርሜሽን አገልግሎት ነኝ፣ ደንቡ እኔን አይመለከትም አለ። ካርዱ ላይ ስሙ የታተመው ደሞ ሶስተኛ ነው፣ የሱ ከስተመር ሰርቪስ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ካውንተሩ ላይ ስፒከር አድርገን 50 ደቂቃ ጠብቀናል፣ ሰው ገብቶ እየገዛ እየወጣ።

ታዲያ ደንቡ ምን ይል ነበር? ኤፍሲሲ 2001 ላይ ጥሪውን ከፔይፎን መጀመሪያ የሚቀበለው የራሱ መስመር ያለው ትልቁ ካምፓኒ ይክፈል፣ ከኋላ ካሉት እሱ ያስመልስ ብሎ ነበር። ትልልቆቹ ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤት 2003 መጀመሪያ ላይ ያንን መልሶ ላከው፣ በዛው አመት አዲስ ደንብ ወጣ፣ ከጁላይ 1፣ 2004 ጀምሮ የሚከፍለው ስዊች ያለውና ጥሪውን ያጠናቀቀው መልሶ ሻጭ ካምፓኒ ነው፣ ሲስተሙን በገለልተኛ ኦዲተር ያስመርምር፣ በየ3 ወሩ ሪፖርት ይላክ፣ መሀል ላይ ያሉትም ጥሪውን ለማን እንዳሳለፉ ይናገሩ ተባለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ደንቡ ሁሉ የተፃፈው የረጅም ርቀት ካምፓኒ በሚል ቃል ነው፣ እና በዛው በ2004 ማርች ኤፍሲሲ ራሱ የኢንተርኔት ስልክን ምን እንበለው ብሎ ትልቅ ጥያቄ ከፍቶ ነበር። ጥያቄው ክፍት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ማንም በኢንተርኔት አልፌያለሁ ያለ ሰው ማምለጫ ነበረው። አንድ ነገር ግን ቶሎ ተመልሷል፣ በኤፕሪል 2004 ትልቁ የስልክ ካምፓኒ ኤቲ ኤንድ ቲ ጥሪውን መሀል ላይ በኢንተርኔት ስላሳለፍኩት ለሎካል ካምፓኒዎች በመስመራቸው ለመጠቀም የሚከፈለውን የመዳረሻ ክፍያ አልክፈል ብሎ ያቀረበውን ኤፍሲሲ አልተቀበለም፣ ከተራ ስልክ ተነስቶ ተራ ስልክ ላይ ካለቀ ተራ የስልክ አገልግሎት ነው አለ። ጁን 2006 ላይ ደሞ በቀጥታ ስለ ኮሊንግ ካርድ ወሰነ፣ በኢንተርኔት የሚሄዱትም፣ ማስታወቂያና ሜኑ የሚያሰሙትም ካርዶች የቴሌኮም አገልግሎት ናቸው እንጂ የኢንፎርሜሽን አገልግሎት አይደሉም ተባለ። ጋሼ የዛን ቀን ዜናውን ፕሪንት አድርገው መጥተው ነበር፣ ኬክ ገዝተን በልተናል። በ2007 ደሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜትሮፎንስ የሚባል የፔይፎን ካምፓኒ የረጅም ርቀት ካምፓኒውን ግሎባል ክሮሲንግን በከሰሰበት ጉዳይ ላይ ኦፕሬተር ያልተከፈለውን በፌዴራል ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል ብሎ 7 ለ 2 ወሰነ።

ግን መብት ማግኘትና ብር ማግኘት ይለያያል። ባለ 11 ስልክ ሰው ለ7 ዶላር ጠበቃ አይቀጥርም። በጋራ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ነበሩ፣ ጋሼም በአንዱ በኩል ነበር የሚያገኙት፣ ብዙ ረድተዋቸዋል። ሆኖም ካርድ አዙሪው ካምፓኒ ዛሬ አንድ ስም አለው፣ ከ6 ወር በኋላ ቢሮው ባዶ ነው፣ ካርዱ በሌላ ስም በሌላ ቀለም ይታተማል፣ እኛም ሳናውቀው እንሸጠዋለን። ስለዚህ እኔ እስካሁን የማምነው የ2001ዱ አካሄድ ትክክል ነበር ብዬ ነው። የ800 ቁጥሩን የያዘው፣ ጥሪውን ከግድግዳው የተቀበለው፣ አድራሻውና ንብረቱ የሚታወቀው መጀመሪያ ይክፈል። ከሱ በኋላ ጥሪው በኢንተርኔት ይሂድ በሳተላይት የስልኩ ባለቤት ጉዳይ አይደለም፣ ስልኳ ያው በአንድ ጆሮ በአንድ አፍ ለ15 ደቂቃ ተይዛለች፣ ገመዱ ያው ይበላል፣ ሌላ ደንበኛ ያው ይጠብቃል። ትልቁ ካምፓኒ መጠናቀቁን አላውቅም ይላል፣ እውነት ነው፣ ግን እሱ ከደንበኛው ጋር ውል አለው፣ በቀጣዩ ወር ሂሳብ ላይ ጨምሮ ሊያስከፍለው ይችላል፣ ካልከፈለ መስመሩን ይዘጋበታል። ጋሼ ማንን ይዝጉበት?

ደዋዩም ቢሆን የተጎዳው ያው ነው። የካርድ ካምፓኒዎች ፖስተር ላይ የሚፅፉትና የሚሰጡት አይገናኝም ብለን ስንጮህ ኖረን ኤፍሲሲ በኦክቶበር 2015 ስደተኛ ላይ ያነጣጠረ አሳሳች ማስታወቂያ ብሎ 6 የካርድ ካምፓኒዎችን እያንዳንዳቸውን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ያ ውሳኔ ስለ ደቂቃው ማስታወቂያ ነው። ለስልኳ ተብሎ ከኪሳችን ወጥቶ ስልኳ ጋ ያልደረሰው ብር የማን ኪስ ውስጥ ቀረ የሚለውን የጠየቀ የለም።

ስልኮቹ አለቁ። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፔይፎን ነበር፣ በ2016 ከ100 ሺህ በታች ወርዷል። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2007 መጨረሻ ከስራው እወጣለሁ አለ፣ ኒውዮርክ በሜይ 2022 የመጨረሻዋን የከተማዋን ፔይፎን ከታይምስ ስኩዌር አካባቢ ነቀለች። ያጠፋው ሞባይል ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሞባይል ያልያዘው ሰው ሲጠቀምባት የነበረውን ጥሪ እንኳ የሚከፍል ሲጠፋ ትንሹ ኦፕሬተር ቀድሞ ወደቀ፣ እና ትንሹ ኦፕሬተር ነበር ድሃ ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚያቆመው። የኛን ስልክ ጋሼ በ2008 ክረምት በገዛ እጃቸው ፈቷት። 4 ቡለን ነበራት። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቀረ፣ ሱቁ እስኪታደስ ድረስ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ አንዲት ገና ሁለት ሳምንቷ የሆነ ልጅ ካርድ ገዝታ ወጥታ ግድግዳውን አይታ ተመለሰች፣ "ጋሼ ስልኩ የት ሄደ?" አለችኝ፣ እኔን ነው ጋሼ ያለችኝ፣ የሱቁን ስልክ ሰጠኋት።

ኤፍሲሲ በ2018 ደንቡን ሲከልስ ካርድ አዙሪዎቹ በየአመቱ እንዲያስደርጉ የነበረውን ኦዲት አንስቷል፣ ስልኩም ጥሪውም እያነሰ ስለሆነ ወጪው አያዋጣም ተብሎ። ለትልልቆቹ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን የቀሩት ስልኮች ያሉት እንደዚ ላውንደሪ አይነት ቦታ ነው፣ ሆስፒታል፣ መጠለያ፣ ባስ ጣቢያ፣ እና ኦዲት ከሌለ ያ ባዶ መስመር ወረቀቱ ላይ ባዶ መሆኑን እንኳ የሚያይ የለም።

ወደ ሪቪው ልመለስ። ካርዱን ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ስማርት ስልክና ዋይፋይ ካላችሁ አያስፈልጋችሁም። አገር ቤት ያለው ሰው ኢንተርኔት ከሌለው፣ ገጠር ከሆነ፣ ወይ ቀፎው ባለ ቁልፍ ከሆነ ግን ካርዱ አሁንም ይሰራል፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ከሞባይላችሁ በሎካል ቁጥሩ ግቡ፣ 800ውን ተዉት፣ ደቂቃ ይበላል። ከፔይፎን ከሆነ ደሞ አጭር አጭር ጥሪ አታድርጉ፣ ቆራጩ በያንዳንዱ በተነሳ ጥሪ ነው፣ ሁለቴ ከደወላችሁ ሁለቴ ይቆረጣል፣ አንዴ ደውላችሁ ጨርሱት። ፖስተሩን አትመኑ፣ ማሽኗ ከምትለውም ላይ 3 ደቂቃ ቀንሱ። ለእናት ለአባት የምትገዙላቸው ከሆነ ጀርባውን እናንተ አንብቡላቸው። ሱቅ ያላችሁ ሰዎችም እለምናችኋለሁ፣ የፔይፎን ቆራጩ ስንት እንደሆነ ለደንበኛው በአማርኛ ፅፋችሁ ለጥፉ፣ እኔ በዛን ጊዜ አለማድረጌ እስካሁን ይከነክነኛል።

ለፔይፎኗ ራሷ 5 ኮከብ። እጀታው ንፁህ ነው፣ ቁልፎቹ ሁሉ ይሰራሉ፣ የድምፅ መጨመሪያዋም ትሰራለች፣ ከጎኗ ሰው ያስቀመጠው ወንበር አለ። የሆነ ሰው እየመጣ ይወለውላታል ማለት ነው።

ከመውጣቴ በፊት ስልኳ ላይ የተለጠፈውን የኦፕሬተሩን ቁጥር ደወልኩ፣ ነፃ ነው። አንዲት ሴትዮ አነሳች፣ ስልኩ ተበላሸ ወይ አለችኝ፣ አይ ይሰራል አልኳት፣ ከዚ ስልክ በኮሊንግ ካርድ ኢትዮጵያ ደውዬ ተነስቶልኛል፣ 99 ሳንቲም ቆርጠውብኛል፣ እናንተ እንዲከፈላችሁ ላስመዘግብ ብዬ ነው። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ "ቆይ እስክሪብቶ ላምጣ" አለችኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የ800 ቁጥሩን፣ 17 ደቂቃ መቆየቴን ነገርኳት፣ ቁጥሩን መልሳ አነበበችልኝ፣ ትክክል ነበር።